በልጣጭ የተረጋገጠ ጤና

የብርቱካን ጥቅም ተቆጥሮ አያልቅም የሚሉ ሰዎች ስብሰባ የሚያውቁ አይመስሉም። በአንድ የተከበረ መሥሪያ ቤት ከጠዋት እስከ ምሳ በተደረገ ውይይት ተቆጥሮ አለቀ፤ አሥራ አራት ሆነ። አሥራ አምስተኛ አለ ያለ አንድ ሠራተኛ ሐሳቡን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ተነገረው።

«አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት» አሉ ሥራ አስኪያጁ ሲዘጉ፣ «ብርቱካን ስላላገኙ ነው።» አዳራሹ አጨበጨበ።

ከማግስቱ ጀምሮ እያንዳንዱ ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት አንድ ብርቱካን ፈርሞ እንዲወስድ፣ መብላቱንም ልጣጩን በመመለስ እንዲያረጋግጥ መመሪያ ወጣ። ብርቱካን የበላ ሰው ስለማይታመም የሕመም ፈቃድ ቀረ። ሌሎች ክሊኒክ ከፍተው፣ መድኃኒት ገዝተው ያቃታቸውን በሽታ የማጥፋት ሥራ ይህ መሥሪያ ቤት በአንድ ገጽ ተኩል ጨረሰው።

ልጣጭ የመረከቡ ኃላፊነት በመዝገብ ቤቱ ሹም ላይ ወደቀ። ሃያ ስምንት ዓመት ከዶሴ ጋር ስለኖረ አባ ዶሴ ይሉታል። የእያንዳንዱን ሰው ልጣጭ በየስሙ ፖስታ ከቶ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ መስኮት በሌለው ክፍሉ ይደረድራል። በሁለተኛው ሳምንት ልጣጩ ሻገተ። ሻጋታው ከፖስታ ወደ ዶሴ፣ ከዶሴ ወደ አባ ዶሴ ደረት ተዛወረ፤ በዚያ ቤት ያለ ደብዳቤ የተፈጸመ ብቸኛው ዝውውር ይህ ነበር።

ሐኪሟ ደረቱን አዳምጣ አሥር ቀን እንዲተኛ ጻፈችለት። «እዚያ ክፍል መዋልዎን ከቀጠሉ ሳንባዎ አይተርፍም» አለችው። አባ ዶሴ ፈራ። ወረቀቱን ይዞ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባ።

«ብርቱካንህን በልተሃል?»

«በልቻለሁ ጌታዬ።»

«ልጣጩስ?»

«ፋይል ሆኗል።»

«ታዲያ እንዴት ታመምክ?»

«ከልጣጩ ሻጋታ ነው ብላለች ሐኪሟ።»

«ልጣጩ እኮ የጤንነት ማስረጃ ነው። ማስረጃ ሰው ያሳምማል?»

አባ ዶሴ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሳሉ ቀደመው። ሥራ አስኪያጁ ወንበራቸውን ራቅ አድርገው ደብዳቤ አስጻፉለት፦ «አመልካቹ አሥራ ስድስት ብርቱካን መብላታቸው በማስረጃ ስለተረጋገጠ ጤነኛ ናቸው።» ማኅተም አለበት። ሚስቱ አንብባ መለሰችለትና፣ «እንግዲህ መሞት ብትፈልግም አይፈቅዱልህም» አለችው።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ አልገቡም። ጉንፋን ጥሏቸዋል። መመሪያው መታመምን ስለማያውቅ «በመስክ ሥራ ላይ ናቸው» ተብሎ ተለጠፈ፤ ሠራተኛውም አዋጥቶ አባ ዶሴን ሦስት ኪሎ ብርቱካን አስይዞ መስኩን እንዲጎበኝ ላከው።

በሩን የከፈቱት የሥራ አስኪያጁ ባለቤት ከረጢቱን አይተው አዘኑ። «ውይ፣ እሱ እኮ ብርቱካን አይቀምስም። ቃር ያስነሳበታል።»

አባ ዶሴ በየቀኑ የተረከበውን የሥራ አስኪያጁን ልጣጭ አሰበ። ጸሐፊያቸው ሰሞኑን ቃር ይዟት ደረቷን ለምን እንደምታሽ ያኔ ገባው። ተናደደ፤ ግን የተናደደ ሰው ሳል ይበረታበታል።

«አንተ ሰውዬ» አሉ ሥራ አስኪያጁ ከሁለት ብርድ ልብስ ውስጥ፣ «እንዲህ እየሳልክ በሽተኛ ትጠይቃለህ? ለምን ቤትህ አትተኛም?»

«አልታመምኩም ጌታዬ» አለና ደብዳቤውን አልጋው ላይ ዘረጋው። «የእርስዎ ፊርማ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ እስከ ማኅተሙ አነበቡት። ትልቅ ሰው በፊርማው አያፍርም። «ጥሩ» አሉ። «በደብዳቤ ጤነኛ የተባልከው አንተ ብቻ ነህ። ነገ እኔን ወክለህ የሎሚን ጥቅም የምንቆጥርበትን ስብሰባ ምራ። እኔ እንደምታየኝ አሞኛል።»

የውክልናው ወረቀት እዚያው አልጋው ላይ ተጻፈ፤ የመፈረም ሥልጣንንም ይጨምራል።

በማግስቱ ተወካይ ሥራ አስኪያጅ አባ ዶሴ ቢሮ ገብተው፣ መስኮቱን ከፍተው፣ አንድ ደብዳቤ ብቻ ፈርመው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «ማስረጃው ሻግቶ ስለተገኘ የአመልካቹ ጤንነት ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዟል። አሥር ቀን ይተኙ።»