ሰኪና ኔክስት

ሰኪና በየጠዋቱ የሱቋን የብረት መዝጊያ በሁለት እጇ ወደ ላይ ስትገፋ፣ ቀኝ እግሯን ከጫማዋ አውጥታ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ኮምፒውተር በአውራ ጣቷ ታበራለች። መዝጊያው ገና ወገቧ ጋ ሳለ ማሽኑ ማጉረምረም ይጀምራል። ዝናብም ይሁን፣ ጾምም ይሁን፣ እግሯን ቢያማትም ይህ አይቀርም። አንድ ጠዋት መብራት አልነበረም። ጣቷ ግን ሄዶ ተጫነ።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ታክሲው ሳይቆም ተነሥቶ በሩ ጋ አንገቱን ደፍቶ የሚቆመው፣ ሐኪሙ ምንዎን ነው የሚያምዎት ሲለው መድኃኒቱን ይጻፉልኝ የሚለው፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሳይቀመጥ አጽናንቶ የሚወጣው፣ የእኛን ዓረፍተ ነገር እኛ ካሰብነው በተለየ መንገድ የሚጨርስልን። ከእኛ ጋር አብረው ይነሣሉ፣ ሁልጊዜ ከእኛ ቀድመው ይደርሳሉ፤ የት እንደሚደርሱ ግን አይታወቅም። የዚህ ወገን ሊቀመንበር እኛ ጋ ናት፤ ክብርት ሰኪና፣ ቃሊቲ፣ ባቡሩ ከሚያበቃበት አለፍ ብሎ መንገድ ዳር ያለው ኮንቴነር።

ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር የሚንቀጠቀጠው ይህ ኮንቴነር ውስጥ ክብርት ሰኪና ኮምፒውተር ትጠግናለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሣለች፣ ከሁሉ በላይ ግን ፎርማት ታደርጋለች። የታመመውን ማሽን ታጥብና እንደ አዲስ ሶፍትዌር ትጭንበታለች ማለት ነው። በዚህ ሥራ መሐል ኮምፒውተሩ ደረጃ በደረጃ ይጠይቃል፤ በምን ቋንቋ፣ የት ከተማ፣ ስምዎ ማን ነው፣ ዲስኩ ላይ ያለው ይጥፋ ወይስ ይቆይ። ሰኪና አንዱንም አንብባ አታውቅም። እንግሊዝኛው ቸግሯት አይደለም፤ የቁልፉን ቦታ ጣቷ በቃሉ ያውቀዋል። ምን እንደሚል ስትጠየቅ «ኔክስት ነው፣ ሌላ ምን ሊል ነው?» ትላለች። አንዱን ደንበኛ ሸኝታ ሌላውን የምትጠራውም «ኔክስት» ብላ ስለሆነ ሰፈሩ ሰኪና ኔክስት የሚል ስም አወጣላት።

ስም ሲጠይቃት የ«ኤ»ን ቁልፍ ደጋግማ ትመታና ታልፋለች። በዚህ ምክንያት ከገላን ኮንዶሚኒየም እስከ ኮዬ ፈጬ ድረስ ያለ ኮምፒውተር ጠዋት ሲከፈት ባለቤቱን «እንኳን ደህና መጡ፣ ኤኤኤ» ብሎ ነው የሚቀበለው። አንድ የመጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ ኤኤኤ የሚባል ሰው ተደብቆ ማሽኑ ውስጥ የሚገባ መስሎት ፖሊስ ጣቢያ ሊሄድ ሲል በሰው ምክር ተመልሷል።

የእድራችን ዳኛ የአቶ ሶሬሳ ነገር ደግሞ አለ። አቶ ሶሬሳ ኮምፒውተሬ ቀርፋፋ ሆነብኝ ብለው አመጡላት። ቀርፋፋ የሚለውን ቃል ሰኪና እንደ ስድብ ነው የምትሰማው። እሳቸው የልጃቸው የሠርግ ቪዲዮ ውስጡ እንዳለ ሊነግሯት አፋቸውን ሲከፍቱ እሷ ጨርሳ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይደበቃል። እሷ ግን ሱቋን ዘግታ ከብሎክ ብሎክ እየሮጠች፣ ሠርጉ ላይ በስልኩ የቀረጸን ሰው ሁሉ በር እያንኳኳች ቪዲዮ ሰበሰበች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም አዲስ ፊልም አስረከበቻቸው። ፊልሙ ውስጥ ሙሽራዋ አልፎ አልፎ በሰው ትከሻ መሐል ብልጭ ትላለች። የቀረው በሙሉ የጥሬ ሥጋ ሰልፍ ነው። አቶ ሶሬሳ እስከ ዛሬ ሲያዩት ይስቃሉ፤ ሚስታቸው አብረዋቸው አይስቁም።

እኔ ለዚህች ሴት የተፈጠርኩ ሰው አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ ግጥም ነው የተማርኩት። አንዲት መስመር ይዤ ከሰዓቱ ይመሽብኛል፤ ማታ ያችኑ መስመር እሰርዛታለሁ። ሱቋ ስሄድም በሩ ጋ ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ከእኔ በኋላ የመጡት ሁሉ ተስተናግደው እስኪሄዱ እጠብቅ ነበር። መጀመሪያ ቀን እርስዎ ብዬ ስናገር «አንቺ በይኝ፣ ያጥራል» አለችኝ። እዚህም እሳቸው ሳልል እሷ እያልኩ የምጽፋት በዚያ ትእዛዝ ነው።

ያገናኘን አንድ በነፃ የሚሰጥ የኮምፒውተር ሶፍትዌር ነው። ሲጫን የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች ወደ አማርኛ የሚተረጉሙ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ እኔም አንዷ ሆንኩ። ደመወዝ የለውም፣ ስም የለውም። ግን ሰው ብቻውን፣ ጨንቆት፣ የተበላሸ ማሽን ፊት ተቀምጦ የሚያነበው ጽሑፍ ነው፤ ለእኔ ከዚህ በላይ አንባቢ አልነበረም። የሚቸግረን አንድ ነገር ነው። ሥራው አርብ ማታ ይዘጋል። ከዚያ በፊት ተርጓሚ ያልሆነ አንድ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛው ጭኖ ውጤቱን ካልላከ፣ የቋንቋዎቹ ዝርዝር ላይ በአልባኒያኛና በአረብኛ መካከል የተያዘችልን ቦታ በዚህ እትም ትሰረዛለች። ይህን ለሰኪና ለማስረዳት ቃላት መርጬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «እንትን፣ አንድ ሥራ ነበረኝ…» ስል «እሺ» አለች። ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ሶፍትዌሩ ያለበትን ፍላሽ ከእጄ ወሰደችው።

ለሙከራ ብላ ባስቀመጠችው አሮጌ ማሽን ላይ ጀመርን። ወራት የደከምኩባቸው ቃላት በጣቷ ሥር እንደ መንገድ ምሰሶ ያልፉ ነበር። የሚያስፈራው ቦታ ሲደርስ እንድታነብልኝ ለመንኳት። ጽሑፉ አስተባባሪያችን ዘካሪያስ ያጸደቀው ነው፦ «ይህ ተግባር በተመረጠው የማከማቻ ክፍል የሚገኙ መረጃዎችን በሙሉ ያስወግዳል። መቀጠል ይፈልጋሉ?»

ተጫነችው። ምን ይላል አልኳት።

«ኔክስት ይላል» አለች።

አዘንኩ፤ ግን የማዝነው በእሷ አልነበረም። እኔም ብሆን ያን ጽሑፍ አላነበውም። ሙከራውን አስቁሜ ቤት ሄጄ እንደገና ጻፍኩት። አቶ ሶሬሳን አስቤ፣ የጥሬ ሥጋውን ሰልፍ አስቤ እንዲህ አልኩ፦ «እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ፎቶ፣ ድምፅ፣ ጽሑፍ ሁሉ ይጠፋል። አይመለስም። የማን እንደሆነ ያውቃሉ?» ዘካሪያስ ደወለልኝ። በስልክ ብቻ የማውቀው ጨዋ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ይከለክላል። የማን እንደሆነ ያውቃሉ የሚለው ጥያቄ ዋናው ጽሑፍ ላይ የለም፣ ስለዚህ ይውጣ አለኝ። እሺ አልኩት። ከዚያ ስልኩን ዘግቼ፣ ከሱቋ ውጪ ማንም በማያየው የሙከራ ፍላሽ ላይ ጥያቄውን ተውኩት። እኔ የማምፀው እንዲህ ነው።

ረቡዕ ዕለት አግዳሚዋ ላይ ተቀምጬ ሳለ ዳሲቱ ጥጉ በቁስል ፕላስተር የተጠገነ ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ዳሲቱ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ ዛሬ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት መሬት የአባቷ የአባ ጂራታ ማሳ ነበር። ማራገቢያው ይጮሃል፣ እሱን ብቻ እዪልኝ አለች። ቀጥላም ውስጡ የአባቷ ድምፅ እንዳለ ተናገረች። ሽማግሌው ሊሞቱ ሰሞን አጠገባቸው ተቀምጣ የትኛው ብሎክ ሥር ጤፍ፣ የትኛው ሥር ሽምብራ ይዘራ እንደነበር፣ ምንጩ የት እንደነበር፣ ማን ከማን ጋር ወሰን ይዋሰን እንደነበር በኦሮምኛ አስወርታቸው ቀድታለች። ሌላ ቦታ አልገለበጥኩትም፣ ዛሬ ነገ እያልኩ አለች።

ሰኪና በዚያ መሐል የሌላ ሰው መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ታነሣ ነበር። «እሺ እናቴ፣ ተይው እዚያ። ኔክስት።» ዳሲቱን የሰማኋት እኔ ብቻ ነኝ።

ሰኪና ማሽን ላይ ስም አትጽፍም፤ ጊዜ ይወስዳል። የደንበኛ በቀኝ መደርደሪያ፣ ለመለዋወጫ የገዛችው አሮጌ በግራ፤ ሕጉ ይህ ነው፣ ተሳስታም አታውቅም። ሐሙስ ግን ዝናቡ ጣሪያውን አልፎ ግራው ላይ ፈሰሰና ሁሉንም ጠራርጋ ወደ ቀኝ አዛወረችው።

አርብ ጠዋት ጣቷ ሄዶ ተጫነ፤ የጠረጴዛው ሥር ማሽን አጉረመረመ። የሙከራው አሮጌ ማሽን ግን አልነሣም አለ። ደግማ ተጫነች፣ ጎኑን መታች፣ ሰደበችው። እኔ ማታ እንደሚዘጋ እያሰብኩ ጣቶቼን እቆጥራለሁ። መጠበቅ አልሆነላትም፤ ከመደርደሪያው አንዱን ጥቁር ላፕቶፕ ስባ ፍላሼን ሰካችበት። ቋንቋ፣ አማርኛ፣ ኔክስት። ከተማ፣ ኔክስት። ስም፣ ኤኤኤ፣ ኔክስት።

ከዚያ የቁልፍ ድምፅ ስጠብቅ ጠፋ። ማሽኑ የቆመ መስሎኝ ቀና አልኩ። የቆመችው እሷ ነበረች። ጣቷ ቁልፉ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«የማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ፤ የተቆጣች መስሎኝ።

«ላፕቶፑን ነው የምልሽ።»

ገለበጠችው። ከታች፣ የተሰነጠቀው ጥግ ላይ፣ ዳሲቱ የለጠፈችው የቁስል ፕላስተር ነበር። አንድ ተሳቢ መኪና አለፈ፤ መደርደሪያው ተንቀጠቀጠ። ያኔ ነው ረቡዕ ዕለት የሰማሁትን ቀስ ብዬ የነገርኳት፤ ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻ ያዳመጠችኝም ያኔ ነው። ፍላሹን ነቀለች፣ ላፕቶፑን አጥፍታ እንደገና አበራችው፣ ድምፁን ፈልጊው አለችኝ። አገኘሁት። የሽማግሌ ድምፅ ወጣ፤ አንድ የቦታ ስም ይጠራሉ፣ ያስላሉ፣ ሌላ ይጠራሉ፤ ከኋላ ዶሮ ይጮሃል። ሰኪና የገበያ ኦሮምኛ ታውቃለች። ምን አሉ ስላት ውሃው ጥሩ ነበር ይላሉ አለችኝ።

ከሰዓት ዳሲቱ ስትመጣ ሊሆን የነበረውን ሁሉ ሰኪና ራሷ ነገረቻት፤ ድምፁን የገለበጠችበትን ፍላሽም እጇ ላይ አኖረች። ዳሲቱ ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ «ሌላም ፍላሽ ላይ ገልብጪልኝ» አለች።

ጥያቄው ሊወጣ መሆኑን ለሰኪና የነገርኳት ከዚያ በኋላ ነው። ዘካሪያስ እኮ፣ ዋናው ላይ ስለሌለ፣ ብዬ ስጀምር ስልኬ እጇ ገብቷል። «ሰኪና ነኝ፣ ከቃሊቲ። ያቺን የማን ነው የምትለዋን እንዳትነካት።» ዘካሪያስ አሠራሩን ሊያስረዳት ሞከረ፤ ድምፁ እኔ ጋ ይሰማ ነበር፣ ሦስተኛ ቃሉ ላይ አልደረሰም። እሷ ግን ረጋ ብላ የአቶ ሶሬሳን ሠርግ ነገረችው፣ የአባ ጂራታን ድምፅ ነገረችው። በመጨረሻ ይቆይ አለ። በምን እንደተሸነፈ እስካሁን የገባው አይመስለኝም።

አማርኛ ዛሬ ዝርዝሩ ላይ አለ፤ በአልባኒያኛና በአረብኛ መካከል። ውጤቱ አርብ ማታ ከመዘጋቱ በፊት ተልኳል።

ስለ አንቺ ልጽፍ ነው ስላት «ጻፊ» አለች፣ ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ። የሙሽራዋን ቪዲዮስ? ጻፊ። ኤኤኤን? ጻፊ፣ ሰው ሁሉ ያውቀው የለ። የዳሲቱን ላፕቶፕ? መደርደሪያውን አየት አደረገችና እሱንም ጻፊ፣ ሰው ይጠንቀቅ አለች። አንድ ነገር ብቻ ተዪልኝ አለች፤ ሰኪና ኔክስት የሚለውን ስም በስንት መከራ ነው ያገኘሁት፣ ሰው ይስቅብኛል።

እንድተወው የለመነችኝ የሚከተለውን ነው። ያን አርብ፣ የዳሲቱን ላፕቶፕ ወደ ቦታው ከመለሰች በኋላ፣ ከመደርደሪያው የራሷን አሮጌ ማሽን አገላብጣ ለይታ አወረደች፣ ፍላሼን ሰካች፣ ሁልጊዜ የምትገፋውን ወንበር ስባ ተቀመጠችበት። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበበች። እያንዳንዷን መስመር በጣቷ እየተከተለች፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ እኔ አንድ ሰው እንዲያነበኝ በምመኘው መንገድ። ከተማ ሲጠይቃት ቃሊቲ የለም እንዴ ብላ ቅር አላት። ስም ሲጠይቃት ጣቷ በልማድ ኤ ላይ ሄደ፤ አነሣችውና ሰኪና ብላ ጻፈች፣ አየችው፣ የአባቷንም ጨመረችበት።

በዚህ መሐል በሩ ጋ ሰው ተሰልፏል። መንጃ ፈቃዱን ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ የመጣ የከባድ መኪና ሹፌር ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ጠበቀ፣ ሰዓቱን አየ፣ እንደገና ጠበቀ። በኋላ ሲሰለቸው በራሷ ቃል ቀለደባት፤ «ኔክስት» አለ፣ ሰልፉም ሳቀ።

ሰኪና ቀና አላለችም። «ቆይ» አለችው፣ «እያነበብኩ ነው።»