ሰላዩ ሞተ ወይስ ተኛ?

እኔ እንግሊዝኛ አልችልም። ኋላ ከሰው ከምትሰሙት አሁኑኑ ከራሴ አፍ ስሙት ብዬ ነው። «ካም» እና «ጎ» አውቃለሁ፤ «ሻት አፕ»ንም ፊልም አስተምሮኛል። ከዚያ ወዲያ ያለው ለእኔ ቆርቆሮ ላይ የሚዘንብ ዝናብ ነው። ይህም ሆኖ ሶዶ መናኸሪያው ጀርባ በነበረችኝ ቪዲዮ ቤት፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜ ለብዙ ዓመት ፊልም የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ምን ይደንቃል? ስንቱ የማያውቀውን ሲያስተምር ይኖር የለም እንዴ?

ምስጢሩ አጥንቱ ላይ ነው። ፊልም እንደ በሬ ነው፤ ሥጋው ቢለያይም አጥንቱ አንድ ነው። አጥንቱን ካወቃችሁ ቋንቋው ትርፍ ነው። በተለይ የጦርነት ዘመን የሰላይ ፊልም። መጀመሪያ አንድ ወፍራም አዛዥ ካርታ ላይ ጎንበስ ብሎ ሰውየውን ይልከዋል። የሚሰጠው ቀን አጭር ነው፤ ሁሌም አጭር ነው። ሰላዩ ስሙንና ሥራውን ቀይሮ ጠላት ከተማ ይገባል። ጠላት ይወደዋል፣ እራት ይጋብዘዋል። ይሄኔ ተመልካች ተደላድሎ ይቀመጣል። እኔ ግን ላብ ያጠምቀኛል፤ ምክንያቱም ቀጥላ የምትመጣው ትንሿ ስህተት ናት። ሰውየው የማይጠየቀውን ይጠይቃል ወይም የማይባለውን ይላል። ከጥግ ደግሞ አንድ ዝምተኛ ሰው ያየዋል። «የሚጠይቅህን አትፍራ፣ ዝም ብሎ የሚያይህን ፍራ» እያልኩ ነበር ተመልካቼን የማስጠነቅቀው። ምክሬን ራሴ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የማወራላችሁ ነገር ባልኖረኝ።

አንድ በጣም የምትወደድ ፊልም ነበረችኝ። ሰላዩ ሰዓት ሠሪ መስሎ ይገባል፤ የጦር ባቡሩ መቼ እንደሚነሳ ማወቅ አለበት። አወቀ፣ ላከ፣ ሮጠ። ድልድይ ላይ ሲደርስ ተኩስ ይሰማል፤ በረዶው ላይ ይወድቃል፣ ሙዚቃው ያለቅሳል። የመጀመሪያ ቀን «ሞተ» ብዬ እቅጩን ተረጎምኩ። አንዲት ሴት ፊቷን በነጠላ ሸፍና ወጣች።

ለምን መሰላችሁ? ግማሹ ደንበኛዬ ከኦቶና ሆስፒታል የሚመጣ አስታማሚ ነበር። ሰውህ ኦፕሬሽን ገብቷል፣ ውጭ ጠብቅ ይሉታል፤ ውጭ መጠበቅ ደግሞ ሰውን ይበላል። ፔርሙሱንና ምሳ ዕቃውን ጭኑ ላይ አድርጎ እኔ ጋ ይቀመጣል። ለእንዲህ ያለ ሰው «ሞተ» ይባላል? ከማግስቱ ጀምሮ ሰላዩ በረዶው ላይ ሲወድቅ «ደክሞት ነው፣ ተኛ። ጓዶቹ መጥተው ይወስዱታል» ማለት ጀመርኩ። በረዶ ላይ? አዎ፣ በረዶ ላይ። የፈረንጅ አገር ሰው ለምዶታል።

ኋላ ስልክ መጣና ሁሉም ፊልሙን በኪሱ ያዘ። ቪዲዮ ቤቴም ተዘጋች። አሁን በዚያችው ክፍል የስልክ ካቨር እሸጣለሁ። አንድ ፊልም የተማረ ልጅ አንዳንዴ እየመጣ፣ ታሪክ ሦስት ክፍል አለው፣ ግጭቱ እዚህ ጋ ነው፣ ምናምን ይለኛል። እሰማዋለሁ። ካቨር ሳይገዛ ይሄዳል።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ታላቅ እህቴ ብርቄ፣ በረከት የሚባል ልጅ አላት። አባቱ ቀደም ብሎ ስላረፈ፣ አጎቱም አባቱም እኔ ነኝ። ይህ ልጅ ትዕግስት የምትባል የቦዲቲ ልጅ ወደደ። አወዳደዱ ደግሞ ጤና የሚሰጥ አይደለም፤ ከሳ፣ ምግብ ዘጋው፣ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ይዘላል። ችግሩ የልጅቷ አባት ነው። አቶ ላሊሾ ይባላል፤ ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ የመጡ ሽማግሌዎችን ውሃ እንኳ ሳያቀምስ መልሷል አሉ። አንዴ እምቢ ካለ ደግሞ ቃሉን አያጥፍም። የእኛ ሽማግሌ ለእሑድ ተቆርጧል። እህቴ ረቡዕ ዕለት ጠርታኝ፣ ሂድና ሰውየው ምን እንደሚወድ፣ በምን እንደሚቆጣ አጣርተህ ና አለችኝ። ሳይጣራ ሽማግሌ አይላክም፤ ይህ የአገር ወግ ነው። ብርቄ ካርታ አልነበራትም እንጂ ቀኑ አጭር መሆኑን አያችሁልኝ?

ሴት የላከው ጅብ አይፈራም። ሐሙስ ጠዋት ጋቢዬን ለበስኩና የቦዲቲ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሽፋኔ ተዘጋጅቷል። አቶ ባሳ የሚባል የላሊሾ ጎረቤት ሰሞኑን አርፎ ድንኳን ተጥሏል። ከለቅሶ ቤት የተሻለ መደበቂያ አለ? ማን ነህ የሚልህ የለም፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለህ ትቀመጣለህ፣ ንፍሮ ይዘገንልሃል፣ የሰፈሩ ወሬ በግራና በቀኝ ይመጣልሃል። ያ የፊልሙ ሰዓት ሠሪ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ያን ሁሉ ሰዓት ባልፈታ።

ገባሁ፣ አጽናናሁ፣ ተቀመጥኩ። በግራዬ አንዲት እናት፣ በቀኜ ግራጫ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ። ሽማግሌው ሰላምታዬን ራሱን በመነቅነቅ ብቻ መለሰልኝና ያየኝ ጀመር። እኔ ደግሞ ጥቂት ንፍሮ ከበላሁ በኋላ ወደ እናትየው ዘንበል ብዬ፣ ለመሆኑ ይሄ አቶ ላሊሾ የሚሉት ሰው ክፉ ነው የሚባለው እውነት ነው ወይ ስል ጠየቅኋት። እናትየው በትከሻዬ አሻግራ አየች። ከዚያ ሳል ያዛት። «ደህና ሰው ነው» አለችና ወደ ንፍሮዋ ተመለሰች።

ትንሿ ስህተት ይቺ ነበረች። ያኔ መች አወቅኋት!

ብዙም ሳይቆይ የእድሩ ዳኛ ተነሳ። ከሩቅ የመጣ እንግዳ አለ፣ ከሶዶ ነው አሉኝ፣ ስለ ሟች አንድ ቃል ይበል አለ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ግን መቶ ዓይን ሲያፈጥብህ ዝም ማለትም አይቻልም። ጋቢዬን ሰብስቤ ቆምኩ። ሟችን በሕይወቴ አላየሁትም። ከተዋረድኩ ደግሞ የምዋረደው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ «የበረከት አጎት ለቅሶ ቤት ገብቶ ሲሰልል ተያዘ» ከተባለ እሑድ ማን ያንን ደጃፍ ይረግጣል?

ምን ላድርግ? የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። የማይገባኝን ፊልም ስተረጉም የማየው የተመልካቹን ፊት ነበር። ትንሽ እላለሁ፣ ፊቶቹን አያለሁ፤ ከተቀበሉኝ እቀጥላለሁ። «ባሳ ለሰው የሚራራ ነበር» አልኩ። ራሶች ተነቀነቁ። «ራሱ ሳይበላ ሰው ያበላ ነበር» አልኩ። አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች። ደፈርኩ። አንድ ጊዜ ሁምቦ መንገድ ላይ በዚያ ሐሩር በእግሬ ስሄድ፣ ባሳ በጋሪ ደረሰብኝ አልኩ። ከጥግ አንዱ «አዎ፣ ጋሪ ነበረው» አለ። ተመስገን። ጋሪውን አቆመ፣ አሳፈረኝ፣ የያዘውን በቆሎ ለሁለት ገምሶ ሰጠኝ። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። እኔም፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ዕንባዬ መጣ። እና በዚያው ሙቀት «ከዚያም ባሳ እንዲህ አለኝ፦ አንተ ሰው፣ ብላ፤ መንገድ ረጅም ነው» አልኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ የሚያኝክ አፍ ሁሉ ቆመ።

የእድሩ ዳኛ ቀስ ብሎ «ባሳ እንዲህ አለህ? በአፉ?» አለኝ። እናትየው ከታች ጋቢዬን ጎተት አደረገችና፣ ባሳ ከተወለደ ጀምሮ ቃል ከአፉ ወጥቶ እንደማያውቅ በሹክሹክታ ነገረችኝ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል የሚሉት እውነት ነው፤ የእኔ ጭንቅላት ቦዲቲ መሀል ተሰጣ። ዓይኔ ላይ ድቅን ያለብኝ በረከት ነው፣ ያ ምግብ የዘጋው ልጅ።

ያኔ ያ ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ ብድግ አለ።

«በእጁ ነው ያለው» አለ። «ባሳ በእጁ ይናገራል፣ ሁላችን እናውቃለን። እንግዳው ገብቶት ነው።» ቀጠለና መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ ፊት ዘረጋው፤ ከዚያ ጣቶቹን ወደ አፉ ወሰደ። የባሳ «ና፣ ብላ» እሱ ነበር ለካ። ያን የእጅ ምልክት ሲያዩ ድንኳኑ በሙሉ በለቅሶ ተናጠ። አንዲት አሮጊት፣ ልጄንም እንዲሁ ነው መንገድ ላይ ያበላው እያሉ አነቡ። ውሸቴ ለሌላ ሰው እውነት ሆኖ ተገኘ።

ተረፍኩ ብላችሁ እንዳትደሰቱ። በሰላይ ፊልም ኬላ ላይ ከወታደሮቹ ያስጣለህ ሰው ነው ኋላ ምድር ቤት አስገብቶ የሚመረምርህ። ሽማግሌው ክንዴን ጨበጠ። አጨባበጡ የእርሻ ሰው አጨባበጥ ነው።

«ላሊሾ እባላለሁ» አለ። «ታ ኢሻ፣ እቤት እንሂድ።»

ታ ኢሻ «ወንድሜ» ማለት ነው። ወንድሙን እንዲህ የሚጨብጥ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። በእንሰቱ መሀል ባለችው ቀጭን መንገድ እሱ ከኋላ፣ እኔ ከፊት። ልሩጥ? በጋቢ ተሩጦ የት ሊደረስ። ቤት አስገባኝ፣ አስቀመጠኝ፣ በሩን መለስ አደረገው። ሚስቱ ቅቅል ጎደሬ በሚያቃጥል ዳጣ አቀረበችልን፤ እጄ ዳጣውን ስቶ ጠረጴዛውን ጠቀሰ። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

«አሁን እውነቱን ንገረኝ» አለ። «ያ ሰላይ ሞተ ወይስ ተኛ?»

ሰላዩ እኔ ነኝ ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። «የቱ ሰላይ?» አልኩ እንደ ምንም።

«ሰዓት ሠሪው። በረዶ ላይ የወደቀው። ድንኳን ውስጥ አፍህን ስትከፍት ድምፅህን አውቄዋለሁ።»

ከዚያ ነገረኝ፤ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም። ያን ጊዜ ሚስቱ ኦቶና ኦፕሬሽን ገብታ፣ እሱ ፔርሙሱን ይዞ እኔ ቤት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። «ሰላዩ ሲወድቅ እኔ አለቀ አልኩ» አለኝ። «ሚስቴም አለቀ አልኩ። አንተ ተኛ አልክ። ተነስቼ ሄድኩ። ስገባ ሚስቴ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ፊቱ ነጭ ሆኗል። አልደነገጥኩም። ደክሞት ነው፣ ተኛ አልኩ። አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ነቃ።»

ሚስቱ ከበሩ ጥግ ሳቀች። እኔ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

«ኋላ ትዕግስት ፊልሙን በስልክ አገኘ» ብሎ ቀጠለ። «እንግሊዝኛ ይችላል፣ ተረጎመልኝ። ሞተ አለኝ። አስደገምኩት። ሞተ። ሶዶ መጥቼ ልጣላህ ነበር፤ ቤትህ ተዘግቷል።»

ከዚያ በኋላ ምን እደብቃለሁ? በረከትን፣ እህቴን፣ እሑድን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አውቄያለሁ አለ፤ እኔኑ አጠገብህ አስቀምጠህ ስለ እኔ ስትጠይቅ ሰላይ መሆንህን አውቄያለሁ። የቀድሞዎቹን ሽማግሌዎች ያባረራቸውም ስለ መሬቱ ስፋት እንጂ ስለ ትዕግስት አንድም ነገር ስላልጠየቁ ነው። የእናንተን ልጅ ምግብ መዝጋቱን ግን ወደድኩት አለ። እሑድ ይምጡ፣ ግን አንድ ቃል ግባልኝ፦ እኔ ስሞት ድንኳኑ ውስጥ የምትናገረው አንተ ነህ፣ መጨረሻውን አንተ ነህ የምታውቅበት አለኝ።

ቃል ገባሁ። የእኛ ሽማግሌ ሄደ፣ ላሊሾ ተቀበለ፣ ልጆቹ ተጋቡ፣ በረከት አሁን ሆዱ ከቀበቶው አልፏል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚሉት ግን በእኔ አልሠራም፤ የእኔው እያደር ከበደ። አማቼ ላሊሾ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ይደውላል። ንግግሩን አጥናው ይለኛል፤ ደግነቴን ካለው ላይ ጨምርበት፣ ቁጣዬን ግን አሳንሰው።

ባለፈው ሳምንት እንደገና ደወለ። ድምፁ ደክሟል፣ ደንግጬ ነበር። አይዞህ፣ መጨረሻህን አሳምሬ ተርጉሜዋለሁ፣ «ደክሞት ነው፣ ተኛ» ነው የምለው አልኩት። አሰበበት።

«ጥሩ ነው» አለኝ። «ግን ቦዲቲ በረዶ የለም። የምተኛበት ሌላ ቦታ ፈልግልኝ።»