ሃያኛው ስም

ስለ መውጣት ብዙ ተሰብኳል። ባሕር ተከፍሎላቸው ስለተሻገሩት፣ ከባርነት ቤት ስለወጡት፣ አርባ ዓመት በረሃ ላይ ስለተንከራተቱት ያልሰማ ማን አለ? ከሙሴ በትር እስከ መናው ድረስ ሁሉንም ተምረን አድገናል። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ማነው የመዘገበው? እኛ ዘንድ፣ እንኳን ባሕር ለመሻገር፣ መታወቂያ ለማሳደስም ስም ዝርዝር አለ። እና ምን እላለሁ፣ ሕዝብ ነጻ የሚወጣው በመሪው በትር ብቻ አይደለም፤ በጸሐፊው እስክሪብቶም ነው። ይህን የምለው ሥራዬን ለማሞገስ እንዳይመስላችሁ። ልናዘዝ ነው።

ከቁስቋም ቁልቁል፣ ቤቶቹ ተደጋግፈው የቆሙባት አንዲት የጉለሌ ሰፈር ውስጥ የእድር ጸሐፊ ነኝ። የተመረጥኩት የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ነው፤ ሌላ መልካም ነገር እንዳልተገኘብኝ ባለቤቴ ትመሰክራለች። ሰብሳቢያችን ጋሽ ዘውዴ ይባላሉ። በአናጢነት ኖረው ያረጁ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት የሆናቸው፣ እግዜር ልጅ ስላልሰጣቸው የእድሩን ሃያ ቤት እንደ ልጅ የሚቆጡ ሰው ናቸው። ለቅሶ ላይ ዘግይቶ የመጣ ሰው ከሟቹ በላይ ያሳዝናቸዋል።

ታዲያ አንድ ቀን ሰፈሩ ለልማት ይነሣል ተባለ። ለየቤቱ ኮንዶሚኒየም ይሰጣል፤ ቦታው ግን ዕጣው እንዳወጣው ነው። አንዱ ከተማው ጫፍ፣ ሌላው ከዚያኛው ጫፍ ሊበተን! ሰው ስለ መኝታ ክፍል ቁጥር ሲጨነቅ ጋሽ ዘውዴ የተጨነቁት ስለ ሌላ ነው። «ተበትነን ማን ማንን ይቀብራል?» ብለው ተነሡ። ሦስት ወር ሙሉ ቢሮ ተመላለሱ። «ነገ ይምጡ» ሲባሉ ነገ ይገኛሉ፤ «ሳምንት ይምጡ» ሲባሉም ነገ ይገኛሉ። አሥሩ መቅሠፍት አላስፈለገም፤ የሳቸው ንዝንዝ በቃ። «በሉ፣ አንድ ቦታ መሄድ የምትፈልጉትን ስም ዝርዝር አምጡ» ተባለ።

እኔ ተጠራሁ። ጋሽ ዘውዴ ስም ይጠራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የታመመውን፣ ክፍለ ሀገር የሄደውን፣ እድሩን አኩርፎ ሁለት ዓመት የጠፋውን እንኳን አልዘለሉም። «እሱ ደግሞ ምን ያደርግልናል?» ብል፣ «እሱስ አይሞትም? ጻፈው!» አሉኝ። ጻፍኩት። በመጨረሻ ከሥር ስማቸውን በትልቁ አስቀመጥኩ፤ ፈረሙ፤ ማኅተሙን እፍ፣ እፍ ብለው አሳረፉበት። አንድ ላይ ቆጠርን። ሃያ ስም። «ሞልቷል» አሉ። «ሞልቷል» አልኩ።

ቁልፍ በታደለ ዕለት አሥራ ዘጠኝ ስም ተጠርቶ ዝም ተባለ። ሰዉ ቁልፉን ይዞ እየጨፈረ ሲወጣ እኔና ጋሽ ዘውዴ ወደ ጠረጴዛው ቀረብን። ሠራተኛዋ ደብዳቤውን ደጋግማ አየችው። «አባቴ፣ እርስዎ አመልካች ሆነው ፈርመዋል እንጂ ከተነሺዎቹ ዝርዝር ውስጥ የሉም እኮ። እንደገና ማመልከት አለብዎት» አለች። እኔ የጻፍኩት ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ላይ አልቋል። እኛ ፊርማውን ጨምረን ነበር ሃያ ያልነው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ «አፍህን ዝጋ። ካወቁ አንሄድም ብለው ያስቸግራሉ። አንድ ሰው ቢቀር ሕዝብ ይቅር እንዴ? ሙሴስ መቼ ገባ?» አሉኝ። አስማሉኝ። ማልኩ። ጉዞው ከሳምንት በኋላ ነበር።

የጉዞው ጠዋት ዕቃ የጫኑት መኪኖች ቀደሙ፤ ሰዉ አውቶቡስ ላይ ተሳፈረ። እትዬ አስካለ አንድ ዶሮ በጭናቸው፣ በቆርቆሮ የተተከለ ጤና አዳም በእግራቸው መሀል ይዘዋል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ሊያለሙት ነው። ጋሽ ዘውዴ በር ላይ ቆመው ዝርዝሩን ጠሩ። «አሥራ ዘጠኝ! ማንም አልቀረም። ንዳው!» አሉና ወረዱ።

ዊንጌት አደባባይ ስንደርስ እትዬ አስካለ ዘወር ዘወር ብለው፣ «ጋሽ ዘውዴ የታሉ?» አሉ።

«ከጭነት መኪናው ጋር ይሆናሉ» አለ አንዱ።

እኔ መሐላዬን አፈረስኩ። ሁሉንም ተናገርኩ። የወረደብኝን እርግማን እንዳለ አልጽፈውም። «ይህ ያማረ ጽሕፈትህ ገደል ይግባ!» ያሉኝ እትዬ አስካለ ናቸው፤ እሱ ከሁሉም የቀለለው ነበር። ቀጥለው ወደ ሹፌሩ ዞሩ። «አዙረው!»

ከነጻነት ወደ ግብፅ በደስታ የተመለሰ ሕዝብ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ጋሽ ዘውዴ ግማሹ ጣሪያ በተነሣበት ሰፈር መሀል፣ በእድሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ቀልቷል። ሲያዩን ቆጣ ብለው ብድግ አሉ።

«ምን ረሳችሁ ደግሞ?»

«ሃያኛውን» አሉ እትዬ አስካለ።

«እዚያ ቤት የለኝም እኮ፣ እናንተ ሰዎች!»

«አሥራ ዘጠኝ አለዎት! የማኅበር ጽዋ በየወሩ ከቤት ቤት ይዞር የለ? እርስዎም ይዞራሉ። ይግቡ!»

እንደዚህ ሆነ። አሁን በየወሩ አንድ ቤት ተረኛ ነው። ምድረ ርስቷ እንደማንኛዋም ምድረ ርስት ናት፤ ውኃ በፈረቃ ትመጣለች፣ ሰዉም የጉለሌን ጭቃ ሳይቀር እየናፈቀ ያጉረመርማል። ጋሽ ዘውዴ ግን የገቡበትን ቤት በር ሳያስተካክሉ፣ ባልና ሚስት ሳያስታርቁ አይወጡም። ያ ያኮረፈው ሰውዬ እንኳን ወሩ ሲያልቅ እንዳይሄዱ ሻንጣቸውን ደብቆባቸው ነበር።

የኔ ቤት ተራ ሰባተኛ ነበር። አንድ ማለዳ በሩን ዘግተው ከኪሳቸው ቁልፍ አወጡ። እንደገና አመልክተው ያገኙት የራሳቸው ቤት ቁልፍ ነው፤ እዚያው እኛ ሕንፃ ላይ፣ ከተቀበሉት ሁለት ወር ሆኖታል።

«ምነው ታዲያ፣ ጋሽ ዘውዴ?»

«ስድስት ዓመት ብቻዬን በላሁ» አሉ ቁልፉን እያዩ። «አሥራ ሁለት ቤት ይቀረኛል። ዙሩ እስኪሞላ ይህችን ቃለ ጉባኤ ላይ እንዳታሰፍርብኝ።»

አላሰፈርኩም። የሳቸውን ስም መዝለል እንደሆነ ከኔ በላይ ማን ያውቅበታል?