የዶክተር ሊቤር አውራ ጣትና የነጻ ፈቃድ ሠሌዳ

አዳምና ሔዋን የወደቁት፣ ሰው እንደሚለው በእባብ ተንኮል ሳይሆን፣ ሥዕል ያለበት የውሳኔ አጋዥ ስላልቀረበላቸው ነው። በወንዝ ዳር የተቆረቆረችው የእኛ የኡራጓይ ከተማ ይህ ስሕተት እንዳይደገም ቆርጣ ተነስታለች። ምስጋናው ለክሊኒካችን የእጅ ሐኪም፣ ለዶክተር ሊቤር ባሪዮላ ይሁን።

ዶክተሩ የአውራ ጣቱ መገጣጠሚያ ተበልቶ ለሚሠቃይ ታካሚ ሁሉ የሚሆን ሠሌዳ አሠሩ። አራት መንገዶች ተሥለውበታል፦ ማሰሪያ፣ መርፌ፣ ቀዶ ጥገና፣ እና «ችሎ መኖር»። በየሥዕሉ ሥር ወዲያ ወዲህ የምትንሸራተት አንዲት የብረት ቁልፍ አለች። ታካሚው በሚያመው አውራ ጣቱ እየገፋ የወደደውን ወደ ቀኝ፣ የጠላውን ወደ ግራ ይወስዳል። ሐኪሙ ዝም ይላል። «እርስዎ ቢሆኑ ምን ይመርጡ ነበር?» ተብሎ የተጠየቀ ሐኪም፣ በዶክተሩ ደንብ መሠረት፣ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት አለበት።

ውጤቱ እጅግ አመርቂ ሆነ። የመጣው ታካሚ ሁሉ ቁልፎቹን መሐል ላይ ትቷቸው ወጣ። ዶክተሩም ከባሕር ማዶ ለመጡ እንግዶች ባደረጉት ንግግር፣ «ሕዝባችን ከጽንፈኝነት የጸዳ፣ ሚዛናዊ ሕዝብ መሆኑ በማያሻማ ሁኔታ ተረጋግጧል» አሉ። ተጨበጨበላቸው። ያጨበጨቡት እጃቸውን የማያማቸው ናቸው።

እሳቸውማ ለራሳቸውም ማጨብጨብ ካቆሙ ቆይተዋል። ሕመም ማዕረግ አያውቅምና ቀኝ አውራ ጣታቸው ከሥሩ ተበልቷል። ቀዶ ጥገናውን ሁሉ «ወጣቶች ይልመዱ» እያሉ ለተማሪያቸው ለዶክተር ሚርታ ያስተላልፋሉ።

ትልቁ ፈተና ማቴው ነበር፤ በአንድ ቅል ተቀድቶ በየተራ በመምጠጫ የሚጠጣው የአገራችን የቅጠል ሻይ። ጠዋት ጠዋት ነርስ ኔሊዳ ከፔርሙስ እየቀዳች ቅሉን በየተራ ታዞራለች። ዶክተሩ ቅሉን ጫጩት እንዳቀፈ ሰው በሁለት መዳፍ ይዘው ይጠጡና፣ ዳግም ላለመያዝ፣ ሲመልሱ «አመሰግናለሁ» ይላሉ። በእኛ ዘንድ ቅል ሲመልስ ያመሰገነ ሰው በቃኝ ማለቱ ነው፤ አይቀዳለትም። በዚህ ዓይነት ዶክተሩ በምስጋና ብዛት ተጠምተው ከረሙ።

«ተቀየሙን እንዴ ዶክተር?» አለች ኔሊዳ አንድ ቀን።

«ኧረ ጠግቤ ነው።»

«በአንድ ቅል? ፔርሙስ ሙሉ ጨርሰው የእኔን የሚያዩት ሰውዬ?»

«ዕድሜ ነዋ፣ ኔሊዳ።»

«እንግዲያው ይቺን የፔርሙስ ክዳን ይክፈቱልኝ።»

ዶክተሩ ያዙት። ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። ክዳኑ ግን ንቅንቅ አላለም።

«በዚህ እጅ ነው ሰው የሚሰፉት?»

ዶክተሩ ፔርሙሱን መለሱላት። ሌሊት ሌሊት ለፈጣሪያቸው የሚያቀርቡት ልመና ይኸው ነበር፤ ሥራዬን ከእጄ አትውሰድብኝ የሚል።

ሚርታ ተጠርታ መጣች፤ ደንብ ደንብ ነውና መምህሯን ከሠሌዳቸው ፊት አስቀመጠቻቸው። ዶክተሩ አውራ ጣታቸውን ከማሰሪያው ሥር ካለችው ቁልፍ ላይ አድርገው ገፉ። ጥርሳቸውን ነክሰው ደገሙ። ግንባራቸው ላይ ላብ ቸፈፈ።

«ይኼ ነገር ዝጓል!»

«የት ዝጎ?» አለች ሚርታ፤ በጤነኛ ጣቷ ወዲያ ወዲህ አንሸራተተችው። ወዲያው ደንግጣ መሐል ላይ መለሰችው። «ይቅርታ፣ በታካሚ ምርጫ ጣልቃ ገባሁ።»

ዶክተሩ ሠሌዳውን ትኩር ብለው አዩት።

«ሚርታ… ያ ሁሉ ታካሚ…»

«አዎ። ሚዛናዊው ሕዝብ።»

«እንዴት አትነግሩኝም ታዲያ?»

«ነግረንዎታል እኮ! ‹አስተያየታችሁ በአክብሮት ተመዝግቧል› አሉን።»

ዶክተሩ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንቺ ብትሆኚ ምን ትመርጪ ነበር?» አሉ።

ሚርታ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

«ልጄ፣ አትቀልጂ። እያመመኝ ነው። እጄን ልጣው?»

ይሄኔ አንጀቷን በሏት። «እሺ፣ በቃልዎ ይምረጡ። ለጊዜው በማሰሪያ እንጀምር?» ኔሊዳ ማሰሪያውን ከመሳቢያ አውጥታ ዘረጋችላቸው።

ዶክተሩ እፎይ ብለው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ «አመሰግናለሁ!» አሉ።

ኔሊዳ ማሰሪያውን አጣጥፋ ወደ መሳቢያው መለሰችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«በቃኝ ብለዋል።»

«ኧረ እኔ እንደዚያ ለማለት—»

«‹የታካሚ ቃል እንደ ወረደ ይወሰዳል፣ አይተረጎምም›» አለች ሚርታ፣ የዶክተሩን የንግግር ድምፅ አስመስላ። «የማን ቃል ነው?»

ሁለቱ ሴቶች ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ኔሊዳ ቅሉን ሞልታ መምጠጫውን እስከ አፋቸው አቀረበችላቸው። ዶክተሩ እንደ ሕፃን ጠጡ። አገር ምርጫ ያስተማሩት ሰው ጉሮሯቸው ላይ የመጣውን ምስጋና ዋጥ አድርገው፣ ያለ ምንም አጋዥ ወሰኑ፦

«ድገሚኝ። ማሰሪያውንም አምጪ!»

ሠሌዳው ከዚያ ወዲህ የፔርሙስ ማስቀመጫ ሆነ። ይህን ሳያውቁ እነዚያ የባሕር ማዶ እንግዶች ተመልሰው መጡ።

«ዶክተር፣ ይህን ድንቅ ሠሌዳ ለዓለም ሁሉ እናሰራጨው ብለን ወስነናል።»

ዶክተር ሊቤር የታሰረ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ በአገራችን ወግ፣ በማያወላውል ቃል እምቢ አሉ፦

«አመሰግናለሁ።»

እንግዶቹ ማቴ አይጠጡም። ቆመው አጨበጨቡላቸው።