ሰላምታ የጨረሰው ካሴት

«ደህና ነሽ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ሳይሰማ የሚያልፍ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን እንደዚያ ያለ ሰው ያንገበግበኛል። ጊዜ ከሌለህ ምን አስጠየቀህ? ዝም ብለህ እለፍ። እኔ ከተጠየቅሁ ከጉልበቴ ጀምሬ እስከ ላሜ ድረስ ነው የምመልሰው።

ይህ ነገር ዩኒቨርሲቲ ድረስ የሚያስኬድ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። ያወቅሁት በወንድሜ ልጅ በየሺ ነው። የሺ እዚሁ ሰቆጣ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ክረምት ክረምት ደግሞ ማስተርሷን ትማር ነበር። ምንድነው የምትማሪው ስላት «የትምህርት ቴክኖሎጂ» አለችኝ። እሱስ ምንድነው አልኋት። አስተማሪ በመሣሪያ እንዴት እንደሚያስተምር ነው አለች። ጠመኔ መሣሪያ አይደለም ወይ? ብላት በረጅሙ ተነፈሰች። የተማረ ሰው ሲተነፍስ ያስፈራል ይባላል፤ እኔ ሦስተኛ ክፍል ላይ ስላቆምሁ ነው መሰል አልፈራሁም።

ያኔ ፕላዝማ የሚሉት ትልቅ ቴሌቪዥን በየክፍሉ የገባ ሰሞን ነው። አንድ ቀን የሺ ምሳዋን ረስታ ላደርስላት ሄጄ በመስኮት አየሁት። ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንዲት ሴትዮ በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች። ልጆቹ አቀርቅረዋል። የሺ ጥግ ይዛ እንደ ሚዜ ቆማለች። ማንም ትንፍሽ አላለም። ሴትዮዋ ግን ፈገግ ብላ ቀጠለች። ምን እያለች ነው ብዬ በኋላ የሺን ብጠይቃት «ጎበዞች፣ ልክ ናችሁ» እያለች ነው አለችኝ። ማንን ነው ጎበዝ የምትለው? ማን መለሰና? የዚያን ቀን ተናድጄ ምሳውን ራሴው በላሁት።

እንዲህ እንዲህ ሲል የሺ መመረቂያዋ ደረሰ። ከልጆቹ አገር የወጣ ትምህርት በቪዲዮ ቀርጻ ክፍል ውስጥ ልታሳይ፣ አማካሪዋም ከዩኒቨርሲቲ መጥቶ ሊያይላት ነው። ካልተሳካ ሌላ ክረምት ትደግማለች፤ ለሌላ ክረምት ደግሞ የሚለቃት የለም። ወይ አሁን ነው ወይ ቀረ። ካሜራው የውሰት፣ ካሴቱ አንድ። ትምህርቱ የንብ ኑሮ። ንብ ያለው ማነው? እኔ። ባለቤቴ ትቶልኝ ያለፈ ስድስት ቀፎ ጓሮዬ አለ።

ወሩ ኅዳር ነው፤ ቀፎው ጢም ብሏል። ንቡን የሚያበርደውን ኩበቴን አጭሼ ቀረብሁ። የሺ ካሜራዋን ደቀነችና «እትዬ፣ ይጀምሩ» አለችኝ። ማነው የሚያየኝ አልሁ። ተማሪዎቹ ናቸው አለች። እንግዲህ እናንተው ፍረዱኝ። የዚያን ያህል የሰው ልጅ ፊት ቀርቤ እንዴት ናችሁ ሳልል ስለ ንብ ላውራ?

በየአገራቸው እየጠራሁ ሰላም አልኋቸዋ። የደሃናዎቹ እንዴት ናችሁ፣ የጽጽቃዎቹስ፣ የኒሯቆቹስ፣ አባት እናት ደህና ናቸው፣ ከብቱስ፣ ገብሱስ እንዴት ይዞታል። በየመሃሉ ደግሞ መልስ እጠብቃለሁ፤ ደንቡ ነዋ። አማርኛው ሲያልቅ በኽምጣኛ ደገምሁት፤ ግማሾቹ ቤታቸው የሚያወሩት በሱ ነው። የሺ በእጇ ታጣድፈኛለች። ሰላምታ ይጣደፋል?

ጨርሼ ወደ ቀፎው ስዞር ጭሱ ጠፍቷል። እኔ እቴ፣ ሳላስተውል ከፈትሁት። የሆነውን ካሴቱ ይናገር፦ መጀመሪያ ሰማይ ይታያል፣ ቀጥሎ የየሺ ጫማ፣ ቀጥሎ የጓሮዬ ጎመን፤ ከዚያ ያልቃል።

«እትዬ፣ ጉድ ሠሩኝ» አለችኝ አንድ ዓይኗ አብጦ። የኔ ከንፈር አብጦ ነበርና ይቅርታውን በእጄ ለመንኋት።

ሰቆጣን አዳርሳ ሌላ ካሴት አላገኘችም፤ በዚያው ላይ እንዳንደግም ደግሞ ንቡ ገና አልበረደም። በማግስቱ አማካሪው መጣ፤ ቀጭን፣ ፊቱ የማይፈታ ሰውዬ። ጥፋቱ የኔ ነው ልለው ሄጄ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። የሺ ሌላ የምታሳየው ስለሌላት ያንኑ ከፈተችው።

ነጠላዬ ተጣሞ ቴሌቪዥኑ ላይ ወጣሁ። እንዴት ናችሁ ስል ክፍሉ በሙሉ ብድግ። እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። አባት እናት ስል ይመልሳሉ፣ ከብቱ ስል ይመልሳሉ። ኽምጣኛው ሲመጣማ ዓመቱን ሙሉ ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቅ የኋላ ወንበር ልጆች ከሁሉ በልጠው ጮኹ። አማካሪው እስክሪብቶውን አወጣ።

ከዚያ ያቺ ቴሌቪዥን ላይ ያለችው እኔ «ስንቃችሁስ ደረሰላችሁ?» አለች። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው ለሚማሩት የሳምንት ስንቃቸው የሚመጣው በገበያ ቀን ነው። አንዲት የጽጽቃ ልጅ ቀስ ብላ «የኔ አልደረሰም፣ እትዬ። ሁለተኛ ሳምንቱ ነው» አለች።

ቴሌቪዥኗ እኔ ትንሽ ጠብቃ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«እሰይ፣ ተመስገን!»

አፈርሁ። ያቺን የእንግሊዝኛ ሴትዮ ስረግም የከረምሁት እኔ! ከወንበሬ ተነስቼ «እሷን አትስሚያት» አልሁ፤ እሷ የምላት ራሴን ነው። «ነይ እስቲ ልጄ። የማን ልጅ ነሽ? ምን ሆኖ ቀረብሽ?» አባቷ ታሞ፣ አህያዋን የሚነዳት ጠፍቶ ነው ለካ። ስንቋ እስኪመጣ እኔ ቤት እንድትበላ እዚያው ክፍል መሃል ተነጋግረን ጨረስን። በስተኋላችን ሰማዩም ጎመኑም አለፈ፤ ማንም አላየው።

አማካሪው የሺን ከዚህ ምን ተማርሽ አላት። ባበጠ ዓይኗ ልጅቷን አየት አድርጋ «መሣሪያው መጠየቅ ይችላል። መልሱን የሚሰማ ሰው ግን ክፍሉ ውስጥ መኖር አለበት» አለች። ይህንን ጻፊው አላት። ጻፈች፤ ተመረቀች። ጋዋን ለብሳ የተነሳችው ፎቶ ግድግዳዬ ላይ ነው። ስለ ንብ ግን ለእነዚያ ልጆች እስከ ዛሬ የነገራቸው የለም።

አሁን የሺ ትልቅ ሰው ሆናለች። በየወረዳው እየዞረች አስተማሪዎችን ታሠለጥናለች፤ ከጠየቃችሁ በኋላ ጠብቁ፣ ስሙ፣ እያለች። ባለፈው ወረቀቷን ታቅፋ በደጄ ስታልፍ አገኘኋት።

«እትዬ፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ።

ደስ ብሎኝ፣ ከጉልበቴ ልጀምር አፌን ስከፍት፣ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ታጥፋለች። ከአጥሩ ማዶ ድምፅዋ ብቻ መጣ፦

«እሰይ፣ ተመስገን!»