ከቢጫው ሰደርያ ኋላ

[እሁድ ጠዋት። የጥንቱን ዩኒቨርሲቲ የድንጋይ አጥር ታክኮ የሚወርድ ወንዝ፣ ዳር ዳሩን ቀጭን የእግር መንገድ። ከዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት በጡረታ የወጣው መዝገቤ ቢጫ ሰደርያ ለብሶ፣ ደረቱን ነፍቶ ይገሰግሳል። የእህቱ ባል፣ ቧንቧ ሠራተኛው ቧንቤ፣ ከኋላው ይንቀራፈፋል።]

ቧንቤ፦ ጋሼ፣ እኔ ግን አሁንም ከኋላችን ሰው አይታየኝም።

መዝገቤ፦ አሁንም? ሦስተኛህ ነው! መሪ ወደ ኋላ አይገላመጥም።

ቧንቤ፦ እርስዎ አይገላመጡ፤ እኔ ልገላመጥልዎ። [ይዞራል] አንድ ውሻ አለ።

መዝገቤ፦ ሃያ የማኅበራችን ተጓዥ እንዴት አንድ ውሻ ይሆናል?

ቧንቤ፦ እኔም እሱን እኮ ነው የምለው።

መዝገቤ፦ ቀርፋፎች ናቸው፣ ይደርሳሉ! ይሄ ልብስ ይታይሃል? ቢጫ። ከወንዙ ማዶ የሚያበራ። በእግር ጉዞ ማኅበር ቢጫ የሚለብሰው ማነው?

ቧንቤ፦ ማነው?

መዝገቤ፦ መሪው ነዋ! ጠዋት ገና ሳየው፣ ሌላ ሰው ሳይሻማኝ አጠለቅኩት።

ቧንቤ፦ ያቀበልኩዎ እኔ ነኝ።

መዝገቤ፦ ማቀበል ሌላ፣ ማወቅ ሌላ።

ቧንቤ፦ [ጎንበስ ብሎ] ጭቃው ላይ ዱካ አለ። መዓት ነው። ሁሉም ወደ ፊት ይሄዳል።

መዝገቤ፦ የትናንት መንገደኞች ናቸው።

ቧንቤ፦ ትናንት እኮ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ነው የዋለው።

መዝገቤ፦ ዝናብ የሚወዱ መንገደኞች ነበሩ!

ቧንቤ፦ ይሄ የብርቱካን ልጣጭስ? ገና እርጥብ ነው።

መዝገቤ፦ ወንዝ ዳር ምን ደረቅ ነገር አለ? አንተ ሰውዬ፣ እህቴ እንዴት ነው ከአንተ ጋር የምትኖረው?

ቧንቤ፦ ቤታችን ውሃ አያፈስም።

[መዝገቤ ቀስ ይላል። ከአጥሩ በላይ ሁለት ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶች ይታያሉ።]

መዝገቤ፦ ያውልህ መስኮቴ። ሠላሳ ዓመት የተማሪ ስም ጻፍኩበት። መጡ፣ ተመረቁ፣ እንደዚህ ወንዝ ነጎዱ። አንድ ያልሄደ ነገር ከማዶው መስኮት ነበር።

ቧንቤ፦ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ።

መዝገቤ፦ ዘንድሮ ጡረታ ወጣች። ነገ ደግሞ ጠቅልላ በአውቶቡስ ልጇ ዘንድ ልትሄድ ነው። የዛሬው ጉዞ መሸኛዋ ነው።

ቧንቤ፦ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ታዲያ ምን አሏት?

መዝገቤ፦ ስለ መጻሕፍት አደራደር ሰፊ ማብራሪያ ሰጥቻታለሁ።

ቧንቤ፦ እሷስ ምን አለች?

መዝገቤ፦ አመሰገነችኝ። ሁለት ጊዜ። ዛሬ ግን ነገሩ ሌላ ነው! ከሁሉም ቀድሜ ድንጋይ ድልድዩ ላይ ብቻዬን እቆማለሁ። እሷ ስትደርስ ግጥሜን እላታለሁ።

[የቧንቤ ስልክ ይጮኻል።]

ቧንቤ፦ አቤት፣ አስተባባሪ... አዎ፣ ከእኔ ጋር ናቸው... መጣን፣ መጣን። [ስልኩን ብርሃኑ እንደበራ ግራ ደረት ኪሱ ውስጥ ይሰደዋል]

መዝገቤ፦ ምን ይላል?

ቧንቤ፦ የት ደረሳችሁ ነው የሚለው።

መዝገቤ፦ አየህ! ፍጥነታችን አስደንግጦታል። በል፣ ሳይደርሱብን ግጥሙን ልለማመድ። [ጉሮሮውን ይጠርጋል]

ቧንቤ፦ በግራዬ በኩል ይሁኑልኝ ጋሼ፤ በግራ ጆሮዬ ነው ደህና የምሰማው። ጮክም ይበሉ፤ ውሃው ይጮኻል።

መዝገቤ፦ [ተጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንጉርጉሮ በሚመስል ድምፅ]

የወንዙ ዳር ድልድይ ቆሞ የሚኖረው፣
ሁሉን ሲያሻግር ነው ብቻውን የቀረው።
አንቺ ግን ስታልፊ ጥቂት ዘግየት በዪ፣
ውሃው ይሂድ ተይው፣ ከኔ ጋራ ቆዪ።

ቧንቤ፦ ጋሼ... ይሄ ከእርስዎ ነው የወጣው?

መዝገቤ፦ አትሂጂ ማለቴ ነው፣ በአጭሩ።

ቧንቤ፦ በአጭሩ ለምን አይሏትም ታዲያ?

መዝገቤ፦ እሷ ፊት ስሆን ከአፌ የሚወጣው ማብራሪያ ብቻ ነዋ! አስራ አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ። አስራ አንዱንም ጊዜ ስለ ዩኒቨርሲቲው ሰዓት ግንብ አሠራር አውርቼ ተመልሻለሁ።

[መንገዱ ይታጠፋል። ድንጋይ ድልድዩ ብቅ ይላል። ሃያ ሰው ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን አንጠልጥሎ ጠርዙ ላይ ተደርድሯል። አስተባባሪው መሃል ላይ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዟል። ሁሉም መዝገቤን ያያል።]

መዝገቤ፦ እንዴት... በየት በኩል ቀደሙን? አቋራጭ አለ! ተታለልን!

ቧንቤ፦ አቋራጭ የለም ጋሼ። ከመጀመሪያውም ከፊት ነበሩ።

መዝገቤ፦ መሪያቸውን ጥለው?

ቧንቤ፦ ቢጫው የመጨረሻው ሰው ልብስ ነው። ሰው ከኋላ እንዳይቀር የሚጠብቀው ሰው ነው የሚለብሰው። ጠዋት ሕጉ ሲነገር እርስዎ ስለ ሰዓት ግንቡ እያብራሩ ነበር።

መዝገቤ፦ አንተ... አውቀህ ነው ያለበስከኝ?

ቧንቤ፦ ሕጉ ቢጫው ሳይደርስ ከማረፊያው ማንም ንቅንቅ አይልም ይላል። ሠላሳ ዓመት እርስዎ ጠብቀዋታል፤ አንድ ሰዓት እሷ ብትጠብቅዎ ምን አለበት?

መዝገቤ፦ ጉድ ሠራኸኝ! ጭራ ሆኜ መጥቼ፣ ሃያ ሰው አፍጥጦብኝ፣ ከእንግዲህ በምን አፌ ግጥም እላለሁ?

ቧንቤ፦ እሱስ ተብሏል። [ስልኩን ከኪሱ ያወጣል] ሃሎ፣ አስተባባሪ? ደህና ተሰማ?

[ጭብጨባ ይፈነዳል፤ አንዴ ከድልድዩ፣ አንዴ ከስልኩ።]

መዝገቤ፦ አልዘጋኸውም?!

ቧንቤ፦ ዕድሜ ልኬን የሰው ቤት ውሃ ስዘጋ የኖርኩ ሰው አንዲት ስልክ ታቅተኛለች ብለው ነው?

መዝገቤ፦ [ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ] ሰዓት ግንቡንም ሰማች?

ቧንቤ፦ አስራ አንዱንም ጊዜ።

መዝገቤ፦ ምን እያደረገች ነው? እኔ ማየት አልችልም።

ቧንቤ፦ መሪ ወደ ፊትም አያይም እንዴ? ጫማዋን እያጠለቀች ነው።

መዝገቤ፦ ሄደች! አለቀልኝ!

ቧንቤ፦ ወደዚህ እየመጣች ነው። ዓይኗን በሻርፗ እየጠረገች፣ እየሳቀችም።

መዝገቤ፦ ምን ልበላት? ድልድዩ የተሠራበትን ዘመን ልጀምርላት?

ቧንቤ፦ አንድም ቃል እንዳይተነፍሱ! ይልቅ ያን ሰደርያ ያውልቁና ይስጡኝ።

መዝገቤ፦ [እያወለቀ] ምን ሊያደርግልህ?

ቧንቤ፦ [ለብሶት፣ ቁጥቋጦ ሥር ተዘርግቶ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ እየደፋ] ቢጫው ካልደረሰ ማንም ንቅንቅ አይልም አላልኩዎትም? እኔ የነገው አውቶቡስ እስኪያመልጣት እዚሁ ተኝቻለሁ።