ጋሽ ቅጽል ገለጻን አስተምረው ገለጻን የካዱበት ዜና

ርእሰ መምህሩ በወንበራቸው በነገሡ በሰባተኛው ዓመት፣ የደወሉ ምላስ ጠፍታ ብረት በድንጋይ መምታት በተጀመረ በሁለተኛው፣ መምህረ ቋንቋ፣ ፀረ ድግግሞሽ፣ ገሣጼ ‹በጣም›፣ ተማሪዎቻቸው በስውር «ጋሽ ቅጽል» የሚሏቸው ኃያል በዘጠነኛ ክፍል ላይ ዘመቱ። የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው፤ ልጆቹ ስለ እናታችሁ ጻፉ ሲባሉ «እናቴ በጣም ጥሩ ናት»፣ ስለ ገበያ ጻፉ ሲባሉ «ገበያው በጣም ደስ ይላል» እያሉ አስቸግረው ነበርና፤ ሱፐርቫይዘሯም ክፍሉን ሊጎበኙ ቀጠሮ ይዘው ነበርና፤ የትምህርት ክፍሉ የኃላፊነት ወንበርም ባዶ ነበረና፤ ያንንም ወንበር ጋሽ ቅጽል በሕልማቸው ሳይቀር ተቀምጠውበት ነበርና።

ወእምዝ ጠመኔያቸውን እንደ ጦር ሰብቀው ይህን አዋጅ አስነገሩ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ‹በጣም› የሚባል ቃል እዚህ ክፍል እንዳይገባ! ያያችሁትን ጻፉ! በዚህ ግቢ ካለ ሰው አንዱን ምረጡና ስሙን ሳትጠሩ ሳሉት፤ የሰማ ሁሉ ‹እገሌ ነው› ካላለ ገለጻ አይባልም!»

ይህን ሰምቶ የተከተላቸውም ሠራዊት እነሆ፤ በመስኮቱ በኩል እርሳሱን በጥርሱ የሚቀርጽ የአናጺው ልጅ፤ ከእርሱ ቀጥሎ አንዷ የጻፈችውን ሌላዋ የምትገለብጥ የዳቦ ቤቱ መንትዮች፤ መካከል ላይም የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ የሰውን ልክ በዓይኗ መውሰድ የለመደች።

በቀጠሮው ቀን ሱፐርቫይዘሯ ገቡ፤ ርእሰ መምህሩም አጅበዋቸው ገብተው ከፊት ተቀመጡ። ጋሽ ቅጽል ደረታቸውን ነፍተው የልብስ ሰፊዋን ልጅ አስነሡ፤ የጻፈችውን ግን አስቀድመው አላዩትም፤ ኃያላን የተማሪ ጽሑፍ አያነቡምና። እርሷም አነበበች፦

«እኒህ ሰው ሲቆጡ መጀመሪያ የሚቆጣው ጆሯቸው ነው፤ ፍም ይመስላል። ከዚያ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ይጎትታሉ፤ ሆዳቸው ግን መልሶ ያወርደዋል። ሰላም ሲሏቸው ፊት አያዩም፤ ጫማ ያዩና እንደ ጫማው ይመልሳሉ።»

የርእሰ መምህሩ ጆሮ ፍም መሰለ። ብድግ ብለውም ሱሪያቸውን ጎተቱ፤ ሆዳቸውም ግዳጁን ፈጸመ። ሱፐርቫይዘሯ ሳል እንደያዘው ሰው አፋቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ከመንትዮቹ አንዷ ጠረጴዛ ሥር ገባች፤ ሌላዋም እንደ ልማዷ ተከተለቻት።

የጋሽ ቅጽል ጀግንነት የተገለጠውም በዚያች ሰዓት ነው። ሌላ መምህር ቢሆን ትምህርቱ ሲሠምር አይቶ በደስታ ባለቀሰ ነበር፤ እርሳቸው ግን ርእሰ መምህሩን አዩ፣ ባዶውን ወንበር አሰቡ፣ ሐሞታቸው ፈሰሰ፤ ሁለተኛውንም አዋጅ አወጁ፦ «ይህ ገለጻ አይደለም! ሕይወት የለውም! በምድር ላይ ማንንም አይመስልም! ዜሮ!»

ልጅቷም ወረቀቷን እንደያዘች፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ፣ ይህን ቃል ተናገረች፦ «ጋሼ፣ ማንንም ካልመሰለ ዳይሬክተሩ ምን ሆነው ተነሡ?»

ርእሰ መምህሩ ቢቆጡ «እኔ ነኝ» ማለታቸው ነው፤ ቢቀመጡም መሸነፋቸው ነው፤ ስለዚህ አየር ያጠራቸው መስለው፣ ወለል ብሎ የተከፈተውን መስኮት ሊከፍቱ ሄዱ።

ሱፐርቫይዘሯ ሲወጡ ወረቀቷን ከልጅቷ ለምነው፣ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ዜሮው ግን አልተነሣም። ልጅቷም ማታ ለእናቷ ስትነግር አለቀሰች እንጂ ከጻፈችው አንዲት ቃል አልካደችም። ጋሽ ቅጽል ግን በሳምንቱ ተሾሙ፤ ዓይኑ እያየ የሚክድ ሰው ለቢሮ ይበጃል ተብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘጠነኛ ክፍል ስለ ጨረቃ ብቻ ይጽፋል፤ ጨረቃ አትቀየምም፣ ሹመትም አትከለክልም፤ ሁሉም መቶ ከመቶ ያገኛል።

ክብር ለጋሽ ቅጽል፣ የልጆችን ዓይን ገልጠው መልሰው ለጨፈኑ፣ ከእውነት ጋር ተዋግተው በወንበር ላይ ለተቀመጡ! ስማቸው በቢሯቸው በር ላይ በወርቅ ቀለም ተጽፏል፤ በዚያ የሚያልፍ ተማሪም ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። አክብሮት ነው ይላሉ እርሳቸው፤ የተማሪዎቹ ትከሻ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ግን አልጠየቁም።